ባቡሩ ነው

ቤታችን ከከዚራ ጥላ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤
ምዕራብ ጎኑ ራቁቱን ነው።
ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት
ፀሐይ ትደገፈዋለች በሙሉ ክብደት፤
ማታ ስትለቀው ግድግዳው ቀጭ ይል ነበር፣
ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር።
አባቴ ከአልጋው ሳይነሣ
«ባቡሩ ነው» ይላል፤ እኔም እረሳ።

እውነትም፣ የሌሊቱ ከጅቡቲ ሲገባ
ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል፣
አምፖሉ በገመዱ ይወዛወዛል፤
ጠዋት ከመስኮቱ ጥግ አዲስ ጭረት ይወርዳል፣
ፀጉር የማይሞላ፣
ዓይን ሳይሆን ጥፍር የሚያገኘው።

ጎረቤታችን ፎዚያ ብትጠይቅ፣ «ባቡሩ ነው»።
ቀለም ቀቢው ቢያማርር፣ «ባቡሩ ነው»።
እናቴ «ይሄ ልስን ግን...» ብላ ስትጀምር
በአውራ ጣቱ ወደ ሐዲዱ ጠቆመ።

ኋላ ባቡሩ ቆመ።
በሐዲዱ መሃል ፍየል ሣር አገኘ፤
መሸሻ ቶርኖ፣ አባቴ፣
ጡረታውን ሁለት ዓመት ቀምሶ አረፈ።
ስንጥቁ ግን አላረፈም።

ባለፈው ሰሞን ኡስታ ኢብሮን አስጠራሁ።
መጣ፣ ካዙላውን በብብቱ ሸጉጦ፣
ባርኔጣው የስንት ቤት ኖራ ጠጥቶ።
አልነካውም። ራቅ ብሎ ቆመና
«ሙክታር፣ ውሃ እርጭበት» አለው ረዳቱን፣
«ራሱ ያሳየን ሥዕሉን።»
የድሬ ፀሐይ ናት፤ ግድግዳው ወዲያው ደረቀ፤
ስንጥቁ ብቻ ውሃውን ይዞ ቀረ፣ ጠቁሮ፣
መስመር ከመስመር አስተሳስሮ፦
ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሺኒሌ፣
ወደ ኤረር የሚታጠፍ፣ አፍደም ላይ የሚበጠስ።
አባቴ እውነቱን ነው ልል ምንም አልቀረኝ፤
ባቡሩ ፊርማውን ጥሎ ነው የሄደው።

ኢብሮ ግን ከመሠረቱ ጀመረ፣ ቁጢጥ ብሎ፣
በካዙላው እጀታ ኳ፣ ኳ፣
ጆሮውን አስጠግቶ፣ ቀስ በቀስ እየተነሣ።
እስከ ደረቱ ድምፁ ሙሉ ነው፤
ከዚያ በላይ ባዶ እንስራ።
«አቦ፣ ይሄን ማነው የለሰነው?»
«አባቴ።»
«እጁ ደህና ነው። አሸዋው የደቻቱ ነው፣ ታጥቧል።
ግን ልስን ሕፃን ነው፣ ሰባት ቀን ውሃ ይፈልጋል።
ይሄ የጠጣው እስከዚህ ነው» አለና
መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤
«ያጠጣው ሰው አጭር ነበር።»

ሰባት ዓመቴ ነበር።
አባቴ ሥራ ሲገባ ጣሳውን አስይዞኝ፣
«እስከ ላይ» ብሎኝ፣ «በርጩማው ላይ ወጥተሽ።»
በርጩማው ከባድ ነበር።
ከጓሮ የፎዚያ ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር።
እጄ እስከደረሰበት ረጨሁና ሮጥኩ።
ማታ «አጠጣሽው?» አለኝ።
«አዎ» አልኩ። ግማሹ እውነት ነው።
ቀና ብሎ አየው፣ ከላይ ነጥቶ የደረቀውን፤
አንድ ነገር ይበል አይበል አላስታውስም።
ባቡሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኢብሮ መልስ ይጠብቃል።
«ባቡሩ ነው» አልኩት።
ሐዲዱን አየ፣ ፍየሎቹን አየ፣ እኔን አየ።
«እሺ አቦ፣ ባቡሩ ይሁን።»

መጀመሪያ ስንጥቁን በስለት አሰፋው፤
ሊደፍነው መጥቶ ሲከፍተው ቅር አለኝ።
አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ አረጠበ፣
ኖራና የተነፋ አሸዋ በአውራ ጣቱ እየጫነ አጎረሰው፣
አፉን በእርጥብ ጨርቅ አበሰለት።
ሲሄድ «ፀሐይ ስትወርድ» አለኝ፣ «ሰባት ቀን።»

ዛሬ ሦስተኛው ነው።
በርጩማው አሁንም ከባድ ነው።
ከላይ ጀምሬ ነው የማወርደው፣
ውሃው በክርኔ ወደ ብብቴ እየገባ፤
ከጣራው ሥር ያለችውን፣ ከመንገድ የማትታየውን፣
እሷን ሁለት ጊዜ።