የተበሳሳው ቅጠል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ ፋብሪካ
ይመር ባንሶላው ላይ አበባ ሲያፈካ፣
ቀለሙ አይለቅ ከቶ፣ ቅርጹ የለው ስህተት፤
ግን አንዲት ንብ እንኳ አላረፈችበት።

ጡረታው ሲመጣ ቦርከና ዳር ሄደ፣
ፌስታል የሞላውን ያን ሜዳ ወደደ።
ቆሻሻውን ጠርጎ፣ በጋሪ አስጭኖ፣
ግራዋ ተከለ፣ ኑግ ዘራ በትኖ።

«አጥሩስ?» አለች ዘሙ ከሱቋ በር ቆማ።
«ባየር ለሚመጣ አጥር መች ሊስማማ!»

ከክፍለ ከተማ መድኃኒት ላኩለት፣
ቅጠሉን የሚያነክት ትል እንዲረጭበት።
«ይብላ» አለ ጋሽ ይመር፣ «ነገ ክንፍ ያወጣል፤
ሙሉ ቅጠልማ አንሶላ ላይ ሞልቷል።»

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ንብ ብቅ አለች፤
ኑጉን አልፋ ሄዳ አንሶላ ላይ አረፈች።
እሱው ያተመው ነው፣ የደበዘዘ ቀይ፣
ዘሙ ያሰጣችው ከሽቦ ገመድ ላይ።

ጋሽ ይመር ትንፋሹን ዋጠው።
አንዴ ዳሰሰችው፣ ሁለቴ። ምንም።
ከዚያ ተነሥታ፣ ሳትቆጣ፣ ቀጥ ብላ
ወደ ተበሳሳው ግራዋ።

ዘሙ አንሶላዋን ልታነሣ ስትል
«ተይው» አላት፣
«ለመንገደኛ ምልክት ይሁን።»