የታናሽ ድርሻ

ከድልድዩ በላይ፣ ሸራ ሥር ተቀምጦ፣
በኪሎ የገዛውን በፍሬ ሸጦ
የሚያድረው ዘርጋው፣ ከክምሩ መርጦ፣
«አንተ ጀርመንኛ ትችል የለ?» አለኝ፤
«ገዢ ያጣ ነው፤ በሃያ ብር ገላግለኝ።»

ሽፋን የለው፤ ጀርባው ክረምት የጠጣ፤
የአንድ ሊቀ ጳጳስ ታሪክ፣ ከንጉሥ አብራክ የወጣ።
ማተሚያ ቤት ነው፣ መኪና ስጠግን፣ ቋንቋውን ያስተማረኝ፤
ለብሎን ለዘይት ቃል አለው፤ ጽድቅ ላይ ሲደርስ ጣለኝ።

አራት ዓመት ሲሞላው፣ አባቱ ንጉሡ
ለልጆቻቸው ድርሻ ሲያደርሱ፣
ለታላቁ ዘውዱን፣ ለመካከለኛው አገር፣
ለትንሹ ዳዊት ከነማኅደሩ፣ ብርዳም የገዳም በር።

እዚህ ላይ ጣቴን አኑሬ፣ በእኛ አገር ቢሆንስ፣ አልኩ፤
የንጉሥ ወንድም ሲያድግ አምባ ነበር የሚወጣ፣
ዘውድ ወይ ሞት እስኪጠራው ዳግም ቁልቁል የማይመጣ።
እነዚያ ገደል ቢያጡ፣ ተራራቸው ቢያጥር፣
ቆብ ደፉበት ልጁን፤
እሱም ያው አምባ ነበር።

ወንድሙ የበረዶ ተራራ ተሻግሮ ሲዘምት፣
አገሩን ጥሎለት ሄደ፣ በመስቀሉ እምነት።
ከሐር ካባው በታች የፍየል ጠጉር ለበሰ፤
ቀን ግብር ሲቆጥር ውሎ፣ ሌት ዳዊት ደግሞ አለቀሰ።
(ይህን አላመንኩም፤ ገድል ጸሐፊ ይጨምራል፤
ለንጉሥ ወንድም ታሪክ፣ ዕንባ ማን ይነፍጋል?)

ያመንኩት ገጽ አርባ አንድን ነው።
የንጉሡ ልጅ ሸፍቶ፣ ከተማ ዘግቶ ተቀምጧል።
አጎቱ በበቅሎ መጣ፤ ብቻውን፤ ዝናብ ያወርዳል።
ከቅጥሩ ሥር ቆሞ፣ ማዕረግ ሳይጠራ፣
በሞግዚት ቤት ስሙ ልጁን ተጣራ።
በሩ ተከፈተ። ይኸው ነው። ቀስት አልተወረወረም፤
ዕንባ የማይነፍገው ጸሐፊ፣ እዚህ አንድ ቃል አልጨመረም።

ድርሻ ካልን፣
ደጃች ውቤ ሰፈር ያለው ቤታችን ሲፈርስ፣
ካሳውን ጋሼ ሸዋንግዛው ፈረመ፤
የአባባ መጻሕፍት፣ ሁለት ጆንያ፣ ለእኔ ደረሰኝ፤
አንዱን ለዘርጋው፣ የክረምት ቀለብ ብዬ ሸጥኩኝ።
ሦስት ዓመት። የአክስታችን ልቅሶ ላይ እንኳ፣
እሱ ከምሰሶው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ በአንድ ድንኳን።

መጽሐፉን ጃኬቴ ውስጥ፣ ከዶፉ ሸሸግኩ።
ቤቴ በግራ ነበር፤ በጊዮርጊስ በኩል ዞርኩ።
የቆርቆሮ በሩ ዝግ ነው። ውሻ ጮኸ። ቆምኩ።
ካሳ አላልኩም። ፊርማ አላልኩም።
አፌ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ተኮላተፈና፣
«ጋሽዬ» አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።
ደግሜ፣ ትንሽ ከፍ አድርጌ፣
«ጋሽዬ።»