የአስተርጓሚዋ ዝምታ

ወረቀቱ ላይ አራት ሳጥን፦
«በጭራሽ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ»።
ሐኪሟ ከጭምብሏ ስር ትጠይቃለች፣
ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ስልክ ይተረጉማል።
አስተርጓሚዋ ቶሮንቶ፣ እኔ ሳስካቱን፤
በመሃላችን በረዶ የለበሰ የስንዴ ማሳ።

«እንቅልፍሽስ?» ትለኛለች። «ምግብስ ይበላልሻል?»
እንደ ጎረቤት ሴት፣ አጥር ተደግፋ።
አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ግን
ዝም አለች።
በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።
«ምን ልበልሽ፣ እህቴ… ድንጋጤ? ጭንቀት?
ያለፈ ነገር ነው። ግን ያላለፈ።»

በሰባት ወር ሆዴ ከፊቴ ሲቀድም፣
አንሶላ ስገፍፍ፣ ካልጋ ካልጋ ስቆም፣
ኦልጋን አገኘኋት፣ ፊቷ ወደ መስኮት፤
ሆዴን ነክታ ትናንት ብላኝ ነበር «ሴት ናት»።
ጓንቴን ሳላወልቅ ዓይኗን ዘጋሁላት።
ቀጥሎ ያለው ክፍል ዘጠኝ ቁጥር ነበር፤
ዘጠኝ ወር፣ ዘጠኝ በር፣
አልፈልግም መቁጠር።

ማታ ቤት ስመለስ ልብሴን ደጅ አውልቄ፣
ታረቀኝን «አትንካኝ!» ስል በሩቁ ርቄ፣
በሎሚ ሳሙና እጄን እየላጥኩኝ፣
እንዳትታመም ብዬ
ትንፋሽ ቆጠብኩኝ።

ጥር ላይ ምጤ መጣ።
ታረቀኝን እስከ በሩ ብቻ ፈቀዱለት።
ከአምስተኛ ፎቅ መኪናችን ትታየኛለች፣
በረዶው መሃል መብራቷ ይበራል፣ ይጠፋል፣
ይበራል፤ «አለሁ» ማለቱ ነው።
«ማርያም ማርያም» የሚልልኝ ሰው ስላልነበረ
ራሴው «ማርያም ማርያም» አልኩ፣
ቃሉ ጭምብሌን መትቶ፣ ርሶ፣ አፌ ላይ ተለጠፈ።
ፊሊፒናዊቷ ነርስ የምለው ገባት መሰለኝ፣
ግንባሬን ይዛ «ማሪያ፣ ማሪያ» ስትል ተቀበለችኝ።
እናቴ በስልክ ሦስት ጊዜ እልል አለች፤
ሁለቱ ደረሰኝ፣ ሦስተኛውን ኔትወርክ በላው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» የደወለ ሁሉ።
አዎ፣ ማረችኝ።
ለሰውነቴ ግን ማን ይንገርልኝ?
እሱ ገና አምስተኛ ፎቅ ነው።
ቴርሞሜትር ጢጥ ሲል ይባንናል፣
ሳኒታይዘር ሲሸተው አንሶላ ይገፍፋል፣
ሌሊት ተነስቶ
የልጄ አፍንጫ ስር ጣቱን ያስቀምጣል፣
ትንፋሹ ጣቴን እስኪነካው
እኔ አልተነፍስም።

ይህን ሁሉ ለሐኪሟ አላልኩም።
ለስልኩ ግን ጎንበስ ብዬ፣
«ቃሉ ሰቀቀን ነው» አልኳት።

ማሳው ሁሉ ዝም አለ።
ከዚያ፣ ማንም ያልጠየቃትን፣
«እኔም ጥር ላይ ነው የወለድኩት» አለች።
«ብቻዬን።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አንስታ
«ምን አለች?» ስትል ጠየቀች።
ስልኩም እኔም አልተረጎምንላትም።

ወለላ ሚዛኑ ላይ፣ እርቃኗን፣
ብረቱ ቀዝቅዟት ጮኸች።
እጄ ሊያባብላት ሮጠ፣
ወደ ሆዴ።