ትርፍ

ግሪኖክ ከተማ፣ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን በሚመጣበት፣
የወይዘሮ ኤፊን የወጥ ቤት ወለል ልቀይር የሄድኩ ዕለት፣
አሮጌው ላስቲክ እንደ ቁስል ቅርፊት በቢላዬ ተላቀቀ፤
ከሥሩ ጋዜጣ ወጣ፣ ቢጫ፣ ከሲሚንቶው የተጣበቀ።

“ሙርዶ ነው ያነጠፈው” አሉኝ፣ በር ተደግፈው ቆመው፤
(ባላቸው ነው። ስሙን በኔ ጆሮ መርዶ አደረግሁት፣ ምን ላርገው?)
“መነጽሬ ጠፍቷል። ካልደከመህ አንብብልኝ፤
ያን ጊዜ አላየሁትም፤ እግሬ ሥር ሲሆን ቀለለኝ።”

አነበብኩ።
እነሱ ሰማንያ ሦስት የሚሉት ዓመት፣ ፊተኛው ገጽ፣ ወፍራም ፊደል፦
“ስምንት መቶ የመርከብ ሠራተኞች ትርፍ ሆኑ” ይላል።
“ሆኑ” ይላል እንጂ “አደረጓቸው” አይልም፤
እንደ ጉም ነው፣ እንደ ክረምት፤ አድራጊ የለውም።

ሌላ ቅጠል ላጥሁ፤ ሰማንያ አራት፣ የገመድ ፋብሪካው፣ ያው ቃል።
ሰማንያ አምስት፣ የስኳር ማጣሪያው። ቁጥሩ ይቀየራል፣ ቃሉ ይቆያል፤
ፊደል ለቃሚው ማፍረስ ሰልችቶት ለነገ ያስቀመጠው ይመስላል።

በእንግሊዝኛው ይህ ቃል ብቸኛ ነው፣ ከገንዘብ ጋር ዝምድና የለው፤
በኔ አፍ ግን፣ ጉድ ነው፣ ቤተ ዘመዱ ብዙ ነው።
ያው ጋዜጣ፣ ገጽ ሰባት፣ ከፈረስ ውድድሩ በላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦
“የስኳር ማጣሪያው ትርፍ ካምናው ይልቅ አድጓል።”
ባለቅኔ ሳይደክምበት፣ ሰሙም ወርቁም ታትሞ፣
በሁለቱ መካከል ጥቂት ቅጠል ተጋድሞ!
አዘጋጁ አላወቀ፣ አንባቢው አላወቀ፤
አርባ ዓመት ሙሉ ቅኔው እግር ሥር ደቀቀ።

“ምን አገኘህ?” አሉኝ።
በምን እንግሊዝኛ ልንገራቸው?

ትርፍ ሰዓት እንላለን አልኳቸው፣ ሰው ከደሞዙ በላይ የሚያገኝበት።
“ሙርዶም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሠራ ነበር፤ ጫማ የገዛልኝ በዚያ ነው፣ ቀይ፣ ባለማሰሪያ ጫማ” አሉ፣ ጥቂት በራላቸው ፊት።
ትርፍ አንጀት እንላለን፤ ካላመመ ማንም የማያስበው፣
ሲያም ቆርጠው የሚጥሉት፤ “ያለሱም ይኖራል” የሚባለው።

ዝም አሉ።
“እሱ ግን አላመመም ነበር” አሉ።

“ቃሉን መጀመሪያ ያየነው ጋዜጣ ላይ ነው” አሉ፣ ወንበር ስበው፤
“ከዚያ ቄሱ አሉት። ከዚያ ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት መጣ፣ እንደ ቅማል ተጋብቶበት፣ ሳያስበው።
ሙርዶም ራሱ፣ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት፣ ‘ትርፍ ነኝ’ ይል ጀመር፤
ሃያ ሁለት ዓመት ብረት የበየደ ሰው፣ ሙያው ያ ይመስል ነበር።
ሻይ ስቀዳለት፣ ‘ለትርፍ ሰው ግማሽ ይበቃል’ ይላል፤
እስቅለታለሁ። ቀልድ ስንት ዓመት ይቀለዳል?”

መቼ አረፈ አልኳቸው።
“ዘጠና አንድ ላይ። እኔ...” ብለው አንድ ቃል አሉ፤
በአማርኛ ቀረሁ ይሆናል፣ ወይም ተረፍኩ፤
የቱን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልለየሁ።

አዲሱን ላስቲክ ዘረጋሁ። በመስኮቱ በኩል
አንድ ክንድ ያህል ተርፎ ግድግዳው ላይ ይወጣል።
ቢላዬን አነሳሁ፤ ሃያ ጊዜ በቀን የማደርገው ነው፣
ዛሬ እጄ ምን ነካው?
“አትቁረጠው” አሉ። “እጠፈው ወደ ውስጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል።”

አጠፍኩት።
ሥራው አላማረም። ጥጉ ላይ አብጧል፤
በሩ ሲከፈት ይነካል።