ቤት ያልመታው በር

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም፤
ፊርማዬ ከሥሩ አለ፥ ወደ ሰበብ አልሄድም፦

«ይድረስ ለወይዘሮ ኢኒድ ሆልሮይድ፤
በቅርስ ክልል ውስጥ፥ ሳይጠይቁ ፈቃድ፥
በርዎን ቢጫ ቀለም ቀብተው ተገኝተዋል፤
በሃያ ስምንት ቀን ወደ ቀድሞው እንዲመልሱት ታዘዋል።»

ታነርስ ጎዳናን ያየ ሰው ይፈርዳል፤
ከኮረብታው ወገብ እስከ ወንዙ ይወርዳል፤
አርባ አንድ ቤት በሰልፍ፥ ትከሻ ለትከሻ፥
ድንጋዩን ያጠቆረው የፋብሪካ ጥቀርሻ፤
መስኮቱ ሽቅብ ቁልቁል በገመድ የሚሳብ፥
ደረጃው ሦስት ሦስት፥ የማይሳሳት ሒሳብ፤
በሩ ሁሉ አረንጓዴ፥ የጥድ ጥላ መሳይ፥
አንዱን ያየ በቃው፥ ሌላውንም ባያይ።
መንገዱ ግጥም ነው፥ ግንበኛ የደረሰው፥
ቤት ቤት እየመታ፥ አንድ ስንኝ ሳያንሰው።

ይህን ልጠብቅ ነው ከተማው የቀጠረኝ፤
«የቀለም ፖሊስ» እያለ ሰፈሩ ቢያማርረኝ
ግድ የለኝም።
አይቻለሁ ከወንዙ ማዶ፥ ደንብ ያልደረሰበት፥
የጥንቱ እንጨት ተነቅሎ ፕላስቲክ ሲገባበት፤
መስኮቱ ሁሉ ነጭ፥ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ፥
ሁልጊዜ ፈገግታ፥ አንድም ቀን የማይነክስ።

ማክሰኞ ጧት ሄድኩኝ፥ በዮርክሽር ካፊያ፥
ካሜራዬን ይዤ፥ ቅጽና መለኪያ።
ቢጫው ከሩቅ ጠራኝ፤ ዝናብ አላጠፋው፤
በቀብር ሰልፍ መሐል ሳቅ እንደ ገፋፋው።

አንኳኳሁ። ከፈተች። ሰማንያን ዘልላለች፤
ቢጫው ከጥፍሯ ሥር ደርቋል፥ አላስለቀቀች።
«መምጣትህን አውቃለሁ፥ ደብዳቤህ ደርሶኛል፤
ግባ፥ ዊልፍሬድም ከምድጃው ዳር ይገኛል።»

ሽማግሌው ዊልፍሬድ ፖስታ ቤት ሠርቷል፤
ሠላሳ አራት ዓመት በየበሩ ዞሯል፤
በረዶ ነው፥ ውሻ ነው ሳይል፥ ሳይሳሳት፥
ያደርስ ነበር ለሁሉም፥ መርዶም ሆነ ብስራት።
አሁን ግን ዳቦ ሊገዛ ይወጣና፥
መመለሻው ይጠፋዋል፥ ይቆማል ከጎዳና፤
አርባ አንድ አረንጓዴ በር፥ አርባ አንዱም አንድ ዓይነት፤
የቱ ነው የራሱ? የቱ የጎረቤት?
ያንኳኳል አሥራ ሁለትን፥ ያንኳኳል ሠላሳ፤
«ፖስታ!» ይላል፥ ትከሻው ላይ ሳይኖር ቦርሳ።

ባለፈው ኅዳር ግን፥ ዝናብ ሲወርድበት፥
የራሱን በር አልፎ ሄዶ ሄዶ ነጋበት።
ወንዝ ዳር አገኙት።
በማግስቱ ገዛች ቢጫ በቆርቆሮ፥
በሩን ቀባችለት፥ ምሽት ሳይመጣ ዞሮ።
«ዊልፍ፥ ቢጫዋ የኛ ናት» አለችው። ይኸው ነው።

ቅጼን አወጣሁ። «ምክንያት» የሚል ሳጥን አለው፤
ስፋቱ ሁለት ጣት። ይህን በየት ላስገባው?
ደንቡን ገለበጥኩ። «ከመንገድ የሚታይ ገጽታ» ይላል፤
ከመስታወቱ ወዲያ ሥልጣኑ ያበቃል።
«ወይዘሮ ኢኒድ፥ ሕጉ ደጅ ነው ያለው፤
ኮሪደሩ ላይ ቢጫ አምፖል ማን ይከለክለው?»

«ማታስ ይሁን» አለች። «ቀንስ?»

ዝም አልኩ።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ፤ እጄ ተንቀጥቅጧል፤
«በሩ አጥፍቷል» አልኩኝ፤ «ሰውዬው ግን ጠፍቷል።»
አምስቱ ተያዩ። አንዷ መነጽሯን ጠረገች።
ተጻፈ፦ «ፈቃዱ የበሩ አይደለም፤ የሰው ነው፤
ዊልፍሬድ ሆልሮይድ በዚያ ቤት እስካለ ብቻ ነው።»
ሕግ እንዲህ ያለ ልብ እንዳለው አላውቅም ነበር፤
ልብ እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ እንዳለውም።

በመጋቢት በዚያ ወሰደኝ ሌላ ጉዳይ፥
የሳተላይት ሳህን ነው፥ ከጭስ ማውጫ በላይ።
ዓይኔ ቢጫ ፈለገ። ቁልቁል ወረድኩ። ሽቅብ ወጣሁ።
ትኩስ ቀለም ይሸታል፤ ከየትኛው በር እንደሁ
አልለየሁም። የቤቱን ቁጥር ረስቼዋለሁ።
ደብዳቤ የጻፈላት የለም፤ ቀን የቆረጠላት የለም።
መንገዱ ሞላ፥ ቤት መታ፥ እንደ ጥንቱ፥ እንደ ደንቡ፤
እኔ ግን፥ መዝገቡን የያዝኩት፥ ቆሜ በዝናቡ፥
ቤቱ ጠፋኝ።