ጣርማበር ላይ ድምፅ ሲሰበር

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ደብረ ብርሃን በርዷል፤
የክፍሉ መስታወት ካምና ጀምሮ ወድቋል።
ጋሽ እንግዳሸት ግን ከጋቢው ሥር ሸሽጎ
ክላርኔቱን ያሞቃል፣ እንደ ጫጩት አድርጎ።
«እንጨት ነው» ይለናል፤ «ብርድ ይሰነጥቀዋል፤
ሳይሞቅ ከነፋችሁት ከቃናው ዝቅ ይላል።»

አምስት ተማሪ ነን፤ መሣሪያው ሁለት ነው፤
ተራ ስንጠብቅ ነው ቀኑ የሚያልቀው።
የሚነፋውን ጫፍ በአረቄ ጠርጎ ሲያቀብለን
ገና ሳንነፋ ሽታው ነው የሚያሰክረን።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛ ወንበር፣
አዲስ አበባ ላይ፣ ኦርኬስትራ ውስጥ ነበር።
ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ክራባቱ አንቆት፣
ሠላሳ ስድስት ምት በልቡ ቆጥሮት፣
አራት ኖታ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ፤
እንዲህ ነው ያለፈው ስንትና ስንት ማታ።
«ደሞዜን የበላሁት በመንፋት መሰላችሁ?
ዝም ብዬ ነው እንጂ! መቁጠር ልመዱ ባካችሁ።»

አንድ ማታ ብቻ፣ ዋናው ነፊ ታሞ፣
«በል አንተ» ተባለ፤ ለብቻው ቆሞ፣
የቪየና ሰው የጻፈውን፣ አጥንቱ እንኳ የጠፋ፣
ዝግ ያለውን ዜማ ስምንት ደቂቃ ነፋ።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባቱ
ወሬው ሲደርሳቸው ጠየቁት በሰንበቱ፦
«ስንት ሰዓት ነፋህ?» «ስምንት ደቂቃ፣ አባባ።»
«ለስምንት ደቂቃ ነው ሃያ ዓመት አዲስ አበባ?
እኔ በስምንት ደቂቃ ብርድ ልብስ አወጣ ነበር!»
እዚህ ሲደርስ ይስቅና እንጨቱን ይወለውላል።

ከዚያ የፊት ጥርሱ ተነቃነቀ፤ አበቃ።
ያለ ፊት ጥርስ ሸምበቆ አይነቃ።
ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመለሰ ካገሩ፤
ከሮቢ ወንዝ ዳር ሸምበቆ ማስቆረጥ ሆነ ግብሩ፤
ሁለት ዓመት ያደርቀዋል፣ በምላጭ ይልገዋል፤
ካርባው ሠላሳ ዘጠኙ ለምድጃ ይውላል።
አንዷ ግን ትናገራለች።

«ስሙኝ፤ ይኼ እንጨት ቆላና ደጋ አለው፤
ታቹ ሸዋ ሮቢት፤ ሞቃት፣ ወፍራም፣ ጠይም ነው፤
ላዩ ደግሞ መንዝ ነው፣ ጓሳው የሚያፏጭበት፤
ቀጭን ነው፣ ብሩህ ነው፣ ሩቅ የሚታይበት።
መሐሉ ጣርማበር፤ ጉም ነው፤ መንገዱ አይታይም፤
እጅህ ባዶ ነበር፣ ባንዴ ሁሉን ትደፍናለህ፤ አንዲት ጣት አትቀርም።
እዚያ ነው ድምፅ የሚሰበር። ፈርቶ የቆመ ይቀራል፤
የቸኮለም ገደል ነው። ትንፋሹን ያልቆረጠ ያልፋል።»

ዘርትሁን ሞከረች፤ ጮኸ እንደ ተያዘ ዶሮ፤
ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ቆየ አንገቱን አቀርቅሮ፦
«ያን ማታ እኔም እዚሁ... እዚሁ ኖታ ላይ ዶሮ ነበርኩ፤
ለአባቴ አልነገርኩም። ጭብጨባውን ግን ተቀበልኩ።»

እኔን ነፊ አልወጣኝም፤ ከሮቢት ሽንኩርት እጭናለሁ፤
ሌሊት በአይሱዙ ዳገቱን እያቃሰትኩ እወጣለሁ።
ዋሻው አፍ ስደርስ፣ ጉሙ መብራቴን ሲውጠው፣
«ሠላሳ ስድስት» ስል፣ ረዳቴን ግራ ሲገባው፣
ዘጠኝ ጣቶቼ ባንዴ መሪውን ይደፍናሉ፤
ያልተነፋ ኖታ የሚፈልጉ ይመስላሉ።
ከወዲያ ስወጣ ደጋው ብርዱን ይነፋብኛል፤
ከንፈሬን ስልሰው
አረቄ አረቄ ይለኛል።