ገመድ አይገፋም

ከቶምሰን ወደ ሰሜን፣ ባለ ስምንት ወንበር አውሮፕላን ይዞኝ፣
ጥር ሐይቁን አስፋልት ባደረገበት ቀን፣ ትምህርት ቤቱ ደጅ ጣለኝ።
ሃያ አራት ላፕቶፕ፣ ከዊኒፔግ ቢሮ በጡረታ የወጡ፣
ሁለቱ ፊደል የጎደላቸው፣
ሦስቱ ባትሪ እንደ ውሃ የሚጠጡ።

ኢንተርኔቱ ከሰማይ ነው የሚመጣው፣ በሳተላይት፤
ደመና ሲያይ የሚያኮርፍ፣
ወሩ ሳይጋመስ ኮታው የሚያልቅበት።
አንዱ ልጅ ቪዲዮ ከከፈተ የቀሩት
ክቧ ስትሽከረከር ያያሉ፣ የጠየቁትን እስኪረሱ።

እቅዴን በካሬ ወረቀት አሰፈርኩ፦
መዝገበ ቃላቱም ካርታውም እዚሁ ይቀመጥ፣
በየቀኑ ከደጅ መለመን ይቅር።
ሰርቨሩ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህለው፣ ከመጻሕፍቱ ክፍል ቁም ሣጥን፤
ማሞቂያ አይደርስበትም፣
ብርዱ በነፃ ነው፣ ማራገቢያ አንገዛም ብለን።
ስዊቹ ከበሩ በላይ። ከዚያ ገመድ በጣሪያው ውስጥ፣
ሠላሳ ስምንት ሜትር፣ ቀጥ ያለ መስመር።
ወረቀት ግን ጣሪያ ወጥቶ አያውቅም።

ለየላፕቶፑም አድራሻ አደልኩ፣ ከአሥር እስከ ሠላሳ ሦስት።
ክዊንተን እጁን ኪሱ ከቶ አጠገቤ ቆመ፣ ቆየ፣
«አሥራ ሰባትን ለእኔ» አለ በመጨረሻ፤ «የማሊያዬ ቁጥር ናት።»
በእርሳስ ከበብኩለት።

ቅዳሜ ገመዱ እምቢ አለ።
አራት ሜትር ይገባና ይታጠፋል፤
ስገፋው እንደ ሰነፍ በሬ ይተኛል።
የጽዳቱ ሰው ኦግደን መወልወያውን ተደግፎ ከታች ያየኛል።
«ገመድ አይገፋም» አለኝ፤ «ገመድ ይሳባል። ና።»

ይዞኝ ሐይቁ ላይ ወጣ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
በረዶውን በስቶ ማንሻ ያላት ሳንቃ አሾለከ፤
ከበረዶው ሆድ ተለጥፋ፣
ሲባጎዋን ሲስብ ትራመዳለች፣ ሲለቀው ታርፋለች፣
ወደኋላ መሄድ አልተማረችም።
«የት እንደደረሰች ራሷ ታንኳኳልሃለች፣ ስማ።»
ተንበረከክሁ። ከጉልበቴ ሥር፦ ቋ። ቋ።
ሃምሳ ርምጃ ተከተልኳት፤ እዚያ ሌላ ቀዳዳ በሳን፣
ቀጭኑ ሲባጎ ወፍራሙን፣ ወፍራሙ መረቡን ጎትቶ አመጣልን።

መረብ። በእኔ ቋንቋ ለዓሣውም ለኮምፒውተሩም ይኸው አንድ ቃል ነው፤
ልነግረው አሰብኩ፣
ከንፈሬ ግን ደርቆ ነበር።

ሰኞ የሆኪ ኳስ በሲባጎ አስረን ጣሪያው ውስጥ ወረወርን።
ለልጆቹ ማስረዳት አላስፈለገም፤
ሁሉም አንጋጦ፣ ትንፋሽ ውጦ።
«ዝም በሉ!» ራንዲ-ሊን ናት። «እዚህ ናት! ወደ መስኮቱ ዞረች!»
ሚስ ሊንክሌተር በየድምፁ ሥር ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች።
የእነሱ መስመር ጠማማ ነው፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ይሸሻል፣
በእሱ ሄድን።
የእኔን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ሲመሽ አረንጓዴ መብራቶች በሩ፣ ሃያ ሦስት ቆጠርኩ።
አሥራ ሰባት ጨለማ ናት፤
ክዊንተን ጥርሱን ሊነቀል ቶምሰን በሯል።
«ቁጥሩን ለሌላ እንስጠው?» አለች መምህሯ።
ይቆይ አልኳት።

ሌሊት ነፋሱ ሳተላይቱን ነጠቀን።
ጠዋት ልጆቹ ካርታ ከፈቱ፣ ሐይቃቸውን ፈለጉ፣ ተከራከሩ፤
ሰማዩ መዘጋቱን የነገራቸው የለም።

ኦግደን ሁለት ዓሣ በፌስታል ሰጠኝ፣
ጋዜጣ የጠቀለላቸው።
አውሮፕላኑ ጋ ሻንጣዬን መዘኑት፤
ገመዱን ሁሉ ትቼው ስሄድ
ከመጣሁበት ከብዶ ተገኘ።